ከመድኃኒት በኋላ የሚመጣው ቁጣ

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ቃሊቲ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በጭነት መኪኖች ሰልፍ ላይ ነው። ጉምሩኩ በዚያ ነው፤ መጋዘኑ የሚሞላውም የሚጎድለውም በዚያ ነው። ጫኝና አውራጆች ማልደው በየመጋዘኑ በር ይሰበሰቡና ገሚሱ ሻይ በዳቦ እየቀመሰ፣ ገሚሱ ግድግዳ ተጠግቶ የማለዳዋን ፀሐይ እየሞቀ ተራውን ይጠብቃል። የእነዚህ ሰዎች ርስታቸውም ዲፕሎማቸውም እጃቸው ነው። ጣቱ የዛለበት ሰው በመጋዘን ሥራ አይሰነብትም፤ ኩንታሉ አያዝንለትም።

ዛሬ የምንናገርለት ሰው ከእነዚህ አንዱ ነው። ስሙን አንጠራም፤ በእውነቱ የሚጠራ ስም የለውም። የሥጋ ደዌ ሐኪሞች በየጊዜው ከሚያዩት ከብዙ ሕመምተኞች ሁኔታ አውጣጥተን ለምሳሌ ያቆምነው ሰው ነውና። ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው እንበል። በጀርባው፣ በክንዱና በጭኑ ላይ ስምንት ያህል ቀላም ነጣም ያሉ ምልክቶች ወጡበት። አያሳክኩም፣ አያሙም፤ ስለዚህም ሁለት ዓመት ችላ አላቸው። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሥጋ ደዌ መሆኑ ተነገረው፤ የ12 ወር መድኃኒትም ጀመረ። በነጻ ነው የተሰጠው። ሰውየው ደነገጠ፣ ተጽናናም፤ የሚድን በሽታ መሆኑን ሰምቷልና።

በሦስተኛው ወር ነገሩ ተገለባበጠ። ደብዝዘው የነበሩት ምልክቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ በርበሬ መሰሉ፤ አበጡ፤ እጅ ሲያርፍባቸው ያቃጥላሉ። የቀኝ እጁ ጀርባ ተነፋ። ሌሊት ሌሊት ከክርኑ ተነሥቶ እስከ ትንሿ ጣቱ የሚወርድ ሕመም እንቅልፍ ነሣው። ባለቤቱ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችለት። የሥራ ጓደኛው ግን፣ «አንተ ሰው፣ ይህን ክኒን ሳትጀምር ደኅና አልነበርክም? መድኃኒቱ ነው የመረዘህ፤ ተወው» አለው። ምክሩ እውነት ይመስላል። ሰውየውም ክኒኑን ከትራሱ ሥር ከተተና ጠበል ገባ።

በሰባተኛው ሳምንት አንድ ጆንያ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ትንሿ ጣቱ ወደ ውጭ እንደ ተገነጠለች ቀረች፤ ከጓደኞቿ ጋር አልሰበሰብም አለች። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። የሻይ ብርጭቆም ከእጁ ሾልኮ ወደቀ። ይህኔ ነው ወደ ጤና ጣቢያው የተመለሰው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሰው ላይ የደረሰው ምንድን ነው? መድኃኒቱ መረዘውን? ወይስ በሽታው መድኃኒቱን አሸነፈው? መልሱ ሁለቱም አይደለም። የደረሰበት ነገር በሐኪሞች ቋንቋ ሪአክሽን ይባላል፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል ቁጣ ማለት ነው። በኛ አስተያየት ስለ ሥጋ ደዌ ከሚነገረው ነገር ሁሉ ሕዝቡ ከቶ ያልሰማው ይህን ክፍል ነው። በሽታው እንደሚድን ብዙ ሰው ሰምቷል። በመዳን መንገድ ላይ ሳለ እንዲህ ያለ ማዕበል ሊነሣ እንደሚችል፣ ያን ጊዜም የሚጠፋው የሰው እጅ፣ እግርና ዓይን እንደ ሆነ፣ ነገር ግን በጊዜው ከተያዘ ሊመለስ እንደሚችል የሰማው ጥቂት ነው።

ይህን የምንጽፈው ለሐኪሞች አይደለም፤ እነርሱ መጽሐፍ አላቸው። የምንጽፈው ነገ በየወረዳው ለሚመደበው ወጣት ሹም፣ በየፋብሪካው የሠራተኛ ጉዳይ ለሚይዘው ጸሐፊ፣ ለክረምት ዕረፍት ወደ አገሩ ለሚመለሰው ተማሪ ነው። እጁ አብጦ፣ ምልክቱ ቀልቶ፣ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» የሚል ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ከመድረሱ በፊት የሚያማክረው እነዚህን ነውና።

ለመሆኑ ይህ ቁጣ ከየት ይመጣል? የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. አገኘው። ዘገምተኛ ፍጡር ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በደቂቃና በሰዓት ሲራቡ፣ ይኸኛው አንዱ ሁለት እስኪሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህም በሽታው ከገባ በኋላ እስኪታይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ይቆያል። የሚወደው የሰውነት ክፍል ቀዝቀዝ ያለውን ነው፤ ይኸውም ቆዳን፣ አፍንጫን፣ የዓይንን የፊት ክፍልና ከቆዳ ሥር ቀረብ ብለው የሚያልፉትን ነርቮች ነው። ከሰው ዘር አብዛኛው፣ ከመቶው 95 ያህሉ፣ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። የቀሩት ግን እንደ መከላከያቸው ኃይል መጠን ይለያያሉ። ኃይሉ ጠንካራ በሆነበት ሰው ላይ አንድ ሁለት ምልክት ይወጣና ይቀራል፤ ፈጽሞ በላላበት ሰው ደግሞ ባክቴሪያው መላ ሰውነቱን ይወርሳል። በነዚህ በሁለቱ መካከል የሚዋልለው ወገን ብዙ ነው። ሪድሊና ጆፕሊንግ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ይህን እንደ መሰላል አድርገው በ1966 እ.ኤ.አ. በደረጃ ከፋፍለውታል።

እንግዲህ ባክቴሪያው በነርቭ ውስጥ ተሸሽጎ ለዓመታት ሲኖር፣ የመከላከያው ኃይል እንደ ተኛ የመጋዘን ዘበኛ ሳያየው ይኖራል። አንድ ቀን ግን ዘበኛው ብንን ይላል። ብዙ ጊዜ የሚነቃው መድኃኒቱ ባክቴሪያውን መግደል ከጀመረ በኋላ ነው፤ የሞተው ባክቴሪያ ሬሳ በአንድ ቀን ከሰውነት አይወጣምና ይገለጥበታል። የነቃው ዘበኛ ሌባውን ሲያሳድድ መብራት ሳያበራ ዱላውን ያወናጭፋል፤ የባለቤቱን ብርጭቆና መስተዋት ይሰብራል። ብርጭቆው ነርቩ ነው። ምሳሌው ፍጹም አይደለም፤ አንዳንድ ሰው ገና መድኃኒት ሳይጀምር፣ አንዳንዱም ከጨረሰ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ በዚህ ቁጣ ይያዛል። የሆነ ሆኖ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ እጁን የሚያሽመደምደው የባክቴሪያው መራባት ሳይሆን የሰውዬው የራሱ መከላከያ ነው። ከዚህም የተነሣ ባክቴሪያ ገዳዩን መድኃኒት ማቋረጥ ከቶ አይጠቅምም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሌባውን በቤት ውስጥ ማቆየት ብቻ ነው።

ይህ እውቀት ሁሉ ከባሕር ማዶ ተጭኖ የመጣ እንዳይመስል አንድ ነገር እናስታውስ። በአዲስ አበባ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤት በነበረበት ስፍራ ላይ፣ በታኅሣሥ ወር 1958 ዓ.ም. የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ይህም ዛሬ ሁሉ አለርት ብሎ የሚያውቀው ነው። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ግቢ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኢንስቲትዩቱን ይመሩ ከነበሩት አንዱ ቶሬ ጎዳል የተባለ ኖርዌጂያዊ ነበር። እርሱና ጓደኞቹ ሪአክሽን የያዛቸውን ሕመምተኞች ደም ሕዋሳት ከባክቴሪያው ጋር እያገናኙ መረመሩ። በቁጣው ጊዜ ሕዋሳቱ ለባክቴሪያው የሚሰጡት ምላሽ ከፍ እንደሚልም በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ አሳዩ። የዘበኛውን መንቃት በማስረጃ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ የተሠራው በዘነበወርቅ ሰፈር፣ ከገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሳይርቅ ነው ማለት ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ቢያውቁ ደስ ይለናል።

ቁጣው ሁለት ዓይነት ነው። የቃሊቲውን ሰው የያዘው የመጀመሪያው ዓይነት ይባላል። በመካከለኛው የመሰላል ደረጃ ላይ ያሉትን ሰዎች የሚይዝ ሲሆን፣ ከእነዚህ እስከ ሦስተኛ እጅ የሚሆኑት ሊያገኛቸው ይችላል። ምልክቱ አያሳስትም፤ የነበረው የቆዳ ምልክት በድንገት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። ፊት፣ እጅ ወይም እግር ሊነፋ ይችላል። ሰውየው ግን ብዙ ጊዜ ትኩሳት የለውም፤ በልቶ ይጠጣል፣ ሥራ ይሄዳል። አደገኛነቱም በዚሁ ነው። ቆዳው ቢቀላ ምንም አይደለም፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ በክርን፣ በጉልበት ወይም በቁርጭምጭሚት አጠገብ የሚያልፈው ነርቭ እያበጠ ነው። ነርቭ በጠባብ ሽፋን ውስጥ ያለ ገመድ ነው። ሲያብጥ የሚሰፋበት ቦታ የለውም፤ ራሱን በራሱ ያንቃል፤ ደም ያጣል፤ ይደርቃል። በሳምንታት ውስጥ የታነቀ ነርቭ ሊመለስ ይችላል። ስድስት ወር ካለፈው ግን የመመለስ ተስፋው እጅግ ያንሳል።

ከዚህም የባሰ ተንኮለኛ መንገድ አለው። አንዳንድ ጊዜ ቆዳው ሳይቀላ፣ ሕመምም ሳይሰማ ነርቩ ዝም ብሎ ይሞታል። ሐኪሞች ይህን ጸጥተኛው የነርቭ ጉዳት ይሉታል። ሕመምተኛው የሚያውቀው ሲጃራው ጣቱን ሲያቃጥለው ሳይሰማው፣ ወይም ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ሳያውቅ አሥር እርምጃ ሲራመድ ነው። ስለዚህ «ካላመመኝ ደኅና ነኝ» የሚለው ብልሃት በዚህ በሽታ ዘንድ አይሠራም።

ሁለተኛው ዓይነት ሌላ ጠባይ አለው። ይህ የሚመጣው ባክቴሪያ በበዛባቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ከነዚያ መከላከያቸው ፈጽሞ ከላላው መካከል እስከ ግማሽ የሚሆኑትን ይይዛል። የነበረው ምልክት አይደለም የሚቀላው። በፊት፣ በክንድና በጭን ላይ አዳዲስ፣ ሲነኩ የሚያሙ፣ የሽንብራም የባቄላም መጠን ያላቸው ጉብታዎች በመንጋ ይወጣሉ። ከነርሱም ጋር ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ የንፍፊት እብጠት፣ በወንዶችም የቆለጥ ሕመም ይመጣል። ጉብታዎቹ ከጥቂት ቀን በኋላ ይከስማሉ፤ ሌሎች ይተካሉ። ሰውየው ወባ ነው ይባላል፣ ታይፎይድ ነው ይባላል፣ ቁርጥማት ነው ይባላል፤ መርፌ ይወጋል፣ ገንዘቡን ይጨርሳል። ይህ ዓይነቱ ቁጣ አንድ ጊዜ መጥቶ አይሄድም። ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት እየተመላለሰ ሰውን ያከሳል።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ዓይን ብቻ ሊቀላም ይችላል። ሥጋ ደዌ ያለበት ወይም የነበረበት ሰው ዓይኑ ቀልቶ፣ አሞት፣ ብርሃን ፈርቶ ቢገኝ ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሁለተኛው ዓይነት ሰው እንደሚገድልም መሸሸግ አይገባንም። በአለርት ሆስፒታል በተኙ ሕመምተኞች መዝገብ ላይ የተሠራ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። ሁለተኛው ዓይነት ከያዛቸው 99 ሰዎች 8ቱ ሞተዋል፤ የመጀመሪያው ዓይነት ከያዛቸው 145 ሰዎች ደግሞ 2ቱ። ሥጋ ደዌ አይገድልም፣ ያጎድላል እንጂ ሲባል ለኖረው አባባል ይህ ቁጥር ከባድ መልስ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ሰውዬው ሲውጠው የነበረው የሥጋ ደዌ መድኃኒት ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን የተባሉት ሦስቱ ተቀናጅተው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ይህን ቅንብር መከረ፤ ለቀላሉ 6 ወር፣ ለጠናው 12 ወር ይሰጣል። ቁጣ ቢመጣም ይህ አይቋረጥም። ለቁጣው ደግሞ ሌላ መድኃኒት ይጨመራል፤ ፕሬድኒሶሎን ይባላል። ሥራው የተቆጣውን ዘበኛ ማረጋጋት ነው፤ እብጠቱ ይጎድላል፣ የታነቀው ነርቭ ይተነፍሳል። ብዙ ጊዜ በቀን ከ40 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ ይኸውም ክኒኑ ባለ 5 ሚሊ ግራም ከሆነ በየማለዳው ከምግብ በኋላ 8 ፍሬ ማለት ነው። ከዚያ በሐኪሙ ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ለወራት ይዘልቃል። ስንት ወር ይሁን የሚለው ነገር ብዙ አከራክሯል። በሕንድ፣ በኔፓል፣ በባንግላዴሽና በኢንዶኔዥያ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 32 ሳምንት መስጠት ከ20 ሳምንት የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል።

በቶሎ መድረስ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የኛው አገር መዝገብ ይመሰክራል። በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከአለርት ጋር በተሠራ ጥናት 594 አዳዲስ ሕመምተኞች ከ6 እስከ 11 ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ተከታትለው ታዩ፤ ውጤቱም በ2000 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከነዚህ ሰዎች ከመቶው 55ቱ ገና ሲመጡ አንድ ዓይነት የነርቭ ጉዳት ነበረባቸው። በሕክምና ላይ ሳሉ አዲስ ጉዳት ከደረሰባቸው መካከል ደግሞ ልዩነቱ ግልጽ ነው። አዲስ የተጀመረ ጉዳት የታከመባቸው ነርቮች ከመቶው 88ቱ ፈጽመው ዳኑ፤ ጉዳቱ የቆየባቸው ወይም የተመላለሰባቸው ግን ከመቶው 51ዱ ብቻ። በ88ና በ51 መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ሰው ቀኝ እጅ ነው።

ዳሩ ግን ፕሬድኒሶሎን ራሱ የዋህ መድኃኒት አይደለም። ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ጨጓራን ይልጣል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ሲቆይ የዓይን ሞራ ያመጣል። ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅስ፣ በሆድ ያለ ትልንም ሊያባዛ ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሐኪም ከመስጠቱ በፊት ስለ ሳል ይጠይቃል፣ ስኳርና ግፊት ይለካል፣ የትል መድኃኒት ይሰጣል፤ ጨው ቀንስ ብሎም ይመክራል። አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። መድኃኒቱ ፊትን ሙሉ ጨረቃ ያስመስላልና ጎረቤት «ወፈርክ፣ አማረብህ፣ ተስማማህ» ይላል። ሕመምተኛውም እውነት መስሎት ሐኪሙ ቀንስ ሲለው እምቢ ይላል፤ ከመድኃኒት መደብር በራሱ ገንዘብ እየገዛ ይውጣል። ሌላው ደግሞ ሕመሙ በአሥር ቀን ቢተወው ድንገት ያቆማል። ሁለቱም አደጋ ነው። ሰውነት ይህን መሰሉን ቅመም በራሱ ከኩላሊት በላይ ባሉት ዕጢዎች ያዘጋጅ ነበር፤ ከውጭ ሲመጣለት ግን ሥራ ፈትቷል። በአንድ ቀን ቢያቋርጡበት ዕጢዎቹ አልነቁምና ሰውየው ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል።

በሁለተኛው ዓይነት ቁጣ ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ቁጣው ለዓመታት እየተመላለሰ፣ ፕሬድኒሶሎኑም አብሮት ይከርማልና። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ሲፈለግ ኖሯል። ክሎፋዚሚን ከተለመደው መጠን ከፍ ተደርጎ ይሰጣል፤ ቆዳን ያጠቁራል እንጂ ይረዳል። ታሊዶማይድ የሚባለውም በ1965 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ጃኮብ ሼስኪን በተባለ ሐኪም ለዚህ ጠቃሚነቱ ተገልጧል። ይሁን እንጂ ይህ መድኃኒት ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በአውሮፓና በሌሎች አገሮች በሺሕ የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጎድሎ እንዲወለዱ ያደረገው ያው ነው። ለመውለድ በምትችል ሴት አጠገብ ሊቀመጥ የሚገባው ነገር አይደለም። ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎኑን ለመቀነስ ይረዳ እንደ ሆነ ለመመርመር በተነሣው የብዙ አገሮች ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያም ተካፋይ ሆናለች።

ሴቶችን ካነሣን ዘንድ አንድ ቃል እንጨምር። ኤሊዛቤት ደንካን የተባለች የማኅፀን ሐኪም ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ ሥጋ ደዌ ያለባቸውን ነፍሰ ጡሮች ተከታትላ አጥንታለች። ከዚህ ሥራ የተገኘው ትምህርት፣ የመጀመሪያው ዓይነት ቁጣና የነርቭ ጉዳት በተለይ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት እንደሚያይል ነው። በእርግዝና ጊዜ ዝግ ብሎ የነበረው መከላከያ ከወሊድ በኋላ ይመለሳልና። አራስ ሴት እጇ ዝሎ ሕፃኑን መያዝ ቢያቅታት ብርድ መታት ተብሎ መታለፍ የለበትም።

እንግዲህ ሐኪም ያልሆነ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? ነርቭን መፈተን ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው፤ የሚያስፈልገው አንድ እስክሪብቶና አምስት ደቂቃ ነው። ሕመምተኛውን ፊት ለፊት አስቀምጡት። ዓይኑን እንደ እንቅልፍ ቀስ ብሎ ይጨፍን፤ ሽፋሽፍቱ ሳይገጥም ነጩ ከታየ የፊቱ ነርቭ ተነክቷል። መዳፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ይዘርጋ፤ ትንሿን ጣት ከሌሎቹ አርቆ እንዲይዛት ንገሩትና በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ግፏት። ከዚያ አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ያቁም፤ እርሱንም ግፉት። እጁን ጨብጦ የእጁን አንጓ ወደ ላይ ያንሣ። ተረከዙን መሬት ላይ እንዳሳረፈ የእግሩን ፊት ያንሣ። ካለፈው ወር ይልቅ የደከመ ነገር ካለ ምልክቱ ያ ነው። ቀጥሎ ዓይኑን ይጨፍንና በእስክሪብቶው ጫፍ መዳፉንና ውስጥ እግሩን እዚህም እዚያም በጥቂቱ ነካ አድርጉት፤ የተነካበትን በጣቱ ያሳያችሁ። ቆዳው ጥቂት ሰርጎድ እስኪል ብቻ እንጂ አትውጉት።

ይህ ፈተና ዋጋ የሚኖረው ሲመዘገብና ሲነጻጸር ነው። በመጀመሪያው ቀን የተጻፈ ካርድ ከሌለ የዛሬው ድካም አዲስ ይሁን የድሮ ማን ያውቃል? በሕክምና ላይ ያለ ሰው በየወሩ መድኃኒቱን ሊወስድ ሲመጣ ክኒኑን ብቻ ሰጥቶ መሸኘት፣ ነርቩንም አለመፈተን፣ የሰውየውን ግማሽ ብቻ ማከም ነው። ስንፍና ነው ብለን ግን አንፈርድም፤ በደጅ ሰማንያ ሰው ተሰልፎ የሚጠብቀውን የጤና ባለሙያ አይተናልና።

ወጣቱን ሹም የምንጠይቀው ከዚህ ቀለል ያለ ነው። ሪአክሽን የያዘው ሠራተኛ በፕሬድኒሶሎን ላይ ሳለ ደጋግሞ መታየት አለበት፤ በየሁለት ሳምንቱ ቢሆን በ20 ሳምንት ውስጥ አሥር ጊዜ ነው። አሥር ቀን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ከቃሊቲ ዘነበወርቅ ድረስ በቀለበት መንገድ መሄድና መመለስ ለብቻው ወጪ ነው። ያበጠው እጅ ደግሞ ለጊዜው ማረፍ፣ ኩንታል አለማንሣት አለበት። ይህን ሰው በዚህ ሰሞን በር ላይ ዕቃ እንዲቆጥር ማድረግ የሚችል ሰው ሐኪሙ አይደለም፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ነው። የበሽታው ስም በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ጎልቶ እንዳይነበብ ማድረግ የሚችለውም እርሱ ነው። መተላለፍ የሚፈራ ካለ ይህን ይወቅ፤ መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ለሌላው የማስተላለፉ ነገር ፈጥኖ ይጠፋል፤ ሪአክሽኑም የሰውየው የራሱ ቁጣ እንጂ ወደ ሌላ የሚዘል አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ከ3,000 በላይ አዳዲስ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። በሽታው ያለፈ ታሪክ መስሎ የሚታየው ሰው ይህን ቁጥር ያስብ።

መድኃኒቱን ጨርሶ ከመዝገብ የወጣውም ሰው አይረሳ። ከዓመት በኋላ ምልክቱ ቢቀላበት በሽታው ተመለሰብኝ ብሎ ይሸበራል። በእርግጥ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል፤ ግን ያ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በቀናት ውስጥ በድንገት የሚቀላና የሚያብጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጣው ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ክኒን የሚሰጥ ባለሙያ «ጨርሰዋል፣ ይሂዱ» ብቻ ሳይሆን «እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ያንኑ ሳምንት ይምጡ» ሊል ይገባዋል።

ወደ ቃሊቲው ሰው እንመለስ። በጤና ጣቢያው የተቀበለችው ወጣት የጤና መኮንን እጁን ይዛ ክርኑን ስትዳብስ ነርቩን እንደ ወፍራም ገመድ አገኘችው፤ ሰውየውም ጮኸ።

«ጋሼ፣ ይህ ከጀመርዎ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ሁለት ወር ሊሆነው ነው፣ ልጄ። መድኃኒቱ መረዘኝ ብዬ ተውኩት እንጂ።»

«መድኃኒቱማ ሥራውን እየሠራ ነበር። የተቆጣው የርስዎ ሰውነት ነው። ክኒኑ አሁንም አለ?»

ከትራስ ሥር የከተተውን እሽግ ከኮቱ ኪስ አወጣላት። አልተቆጣችውም። የ12 ወሩ መድኃኒት በ18 ወር ውስጥ ቢጠናቀቅ ስለሚበቃ ካቆመበት እንዲቀጥል ነገረችው። ከዚያም አንዲት ወረቀት በቀለበት ጣቱና በትንሿ ጣቱ መካከል አስገብታ «ይያዟት» አለችው። ወረቀቷ ሳትጎተት መሬት ወደቀች። በዚያው ቀን ደብዳቤ ጽፋ ወደ አለርት ላከችው፤ ሕመምተኛውም ፕሬድኒሶሎን ተጀመረለት፤ እጁም በስፕሊንት ታስሮ አረፈ።

ሌሊት የሚነሣው ሕመም በመጀመሪያው ሳምንት ተወው። ጣቲቱ ግን ጊዜ ወሰደች። በአሥረኛው ሳምንት የሸሚዙን ቁልፍ፣ የታችኛውን ብቻ፣ መቆለፍ ቻለ። የትንሿ ጣት ጫፍ ስሜት አልተመለሰም፤ ስለዚህ ትኩስ ብርጭቆ በግራው እንዲይዝ፣ ሲሠራም ጓንት እንዲያደርግ ተነገረው። በ20ኛው ሳምንት ያችው የጤና መኮንን እንደገና ወረቀት በጣቶቹ መካከል አስገብታ ሳበች፤ አልወጣችም። ጠበቅ አድርጋ ስትስብ ግን ወጣች።

«አሁንስ መጋዘን ልመለስ?» አላት።

«ከሦስት ወር በኋላ ወረቀቷን ይዘው ይምጡ፣ ያን ጊዜ እናያለን። እስከዚያ ግን በር ላይ ይቁጠሩ» አለችው።